የመጠይቁ ቃል፦ የገላን ታዳጊዎች ስለ አማኝና አማኝ ያልሆነ ሰው መግባባት ሲጠየቁ

የገላን ታዳጊዎች አማኝና አማኝ ያልሆነ ሰው ስለሚግባቡበት ሁኔታ ያላቸውን አመለካከት ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት ቃሉ ነው። በአማርኛ «ከሐዲ» ሃይማኖቱን የተወውንም ወዳጁን የከዳውንም ይሰይማል፤ «ሃይማኖት የለሽ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ለነቀፋ ይውላል። በእነዚህ ቃላት የተዘጋጀ መጠይቅ የሚለካው መግባባትን ሳይሆን ለክህደት ያለውን ጥላቻ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ዝምታ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት የእምነት ምድቦችን ሲዘረዝር፣ ሃይማኖት ለሌላቸው የተለየ ምድብ አላስቀመጠም። በቤት ውስጥም ጥርጣሬን መናገር ለታዳጊው ቀላል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 በእምነት ረገድ ማስገደድን ይከለክላል፤ በንዑስ አንቀጽ 4 ግን ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14 ደግሞ የወላጅ መሪነት ከልጁ አእምሯዊ ዕድገት ጋር እንዲጣጣም ይሻል።

ከዚህ የሚከተለው የጥናት ሥርዓት ግልጽ ነው። የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ፤ መልሱን ግን ወላጅም መምህርም አይይ። ታዳጊው ስለ ራሱ እምነት ሳይሆን ስለ ተጨባጭ ሁኔታ ይጠየቅ፦ «መጸለይ ያቆመ ጓደኛህ በበዓል ቀን ከቤተሰብህ ማዕድ ቢቀርብ ምን ይሰማሃል?» ጥያቄው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይፈተሽ፤ ቃሉ በአንዱ ቋንቋ የሚሸከመውን ነቀፋ በሌላው ላይሸከም ይችላልና። ይህ ጥንቃቄ ከጎደለ፣ ሁሉም ታዳጊዎች አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ ማለት ተግባብተዋል ማለት አይሆንም።