ኮሌስትሮል፦ ሳያምም የሚጎዳ



የፕሮጀክት ጣቢያዎቻችንን ስንጎበኝ፣ «እኔ ቀጭን ነኝ፤ ምንም አያመኝም፤ ምርመራ ለምኔ?» የሚል ቃል ደጋግመን እንሰማለን። ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዱም እንዲሁ ይል ነበር። አንድ ቀን የእህል ጆንያ ሲያወርድ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ሐኪም ቤት ሲደርስ የልቡ የደም ሥር መጥበቡ ተነገረው። በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ የጠየቀንም እርሱ ነው።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ቅባትነት ያለው ነገር ሲሆን፣ አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። ሰውነታችን ሕዋሳትን፣ ሆርሞኖችንና ቫይታሚን ዲን ለመሥራት ይፈልገዋል። እንግዲህ የሚጎዳው ሲበዛ ነው። ኤልዲኤል የተባለው ዓይነት ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል፤ ኤችዲኤል የተባለው ግን ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። የደም ሥሩ እጅግ እስኪጠብ ድረስ ሕመም ላይሰማ ይችላል። ቀጭን ሰውም ከዚህ ነጻ አይደለም። መጠኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ጠቅላላው ኮሌስትሮል ከ200 ሚሊግራም በታች፣ ኤልዲኤል ደግሞ ከ100 በታች ቢሆን መልካም ነው። የልብ ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ ከዚህም ዝቅ እንዲል ሊፈልግ ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. ቅቤን፣ ጮማንና የሚረጋውን የፓልም ዘይት እንቀንስ። በምትካቸው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በልክ እንጠቀም።

2. ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ገብስና ጎመን እናዘውትር። የእህሉ ፋይበር ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። ለጉባኤ እንግዶች ቅቤ የሌለበት ሽሮና ምስር ማቅረብ ንፉግነት አይደለም።

3. በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለን እንራመድ። ትምባሆ የሚያጨስ ወዳጅ ካለን እንዲተው በፍቅር እንርዳው።

4. ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልን፣ «አሁን ተሽሎኛል» ብለን በራሳችን አናቋርጥ። መድኃኒት መዋጥ የእምነት ማነስ አይደለም፤ እየጸለይን እንውሰድ።

ለውይይት

1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19–20ን በኅብረት እናንብብ። ሰውነታችን የራሳችን ካልሆነ፣ እንዴት ልንይዘው ይገባናል? በሚቀጥለው ጉባኤ በማዕዳችን ላይ ምን እንለውጥ? ከመካከላችን ደሙን ያልተመረመረ ማን ነው? አብሮትስ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ማን ነው?