ተማሪ ሲያስነጥስ

ልጅ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባላል፤ እሱም «ያኑርህ» ይላል። እጩ መምህር ትምህርቱን ከዚሁ መልካም ልማድ ቢጀምር ይቀለዋል።

«አፍህን በእጅህ ያዝ» የሚለው የቆየ ምክር ግን ጉድለት አለው። ልጁ በዚያው መዳፍ ጓደኛውን ይጨብጣል፣ ቤቱ ገብቶም ከአንድ ትሪ ይጎርሳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 አገራችን ሲገባ የጤና ባለሙያዎች በክርን ሸፍኑ ያሉት ለዚህ ነው። የጋቢ ጫፍም ይሆናል፤ ታዲያ በዚያው ጫፍ ፊት እንዳይጠረግበት!

ማሳያው ቀላል ነው። መምህሩ መዳፉን ጠመኔ ቀብቶ እንዳስነጠሰ ይሁንና አንዱን ተማሪ ይጨብጥ፤ እሱም ሌላውን፣ ያም ሌላውን። ነጩ እስከ ማን እንደደረሰ ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። ከዚያ ክርኑን ያሳያቸው። ለመታጠቢያ ሳሙና ቢታጣ አመድ አለ።

እንደ አምበር ባለ ደጋ አገር ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን እንውላለን። የሳንባ ነቀርሳ እኮ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ሌላው ቢቀር በእረፍት ሰዓት ይከፈት።

የሚያስለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ግን አይገባም። ያፈረ ልጅ ሳሉን አፍኖ ይቀመጣል እንጂ አመመኝ አይልም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወላጆቹን አስጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት መንገር ነው።