የአንድ ሰዓት ምጣድ ስንት ያስወጣል?

«መብራት ጠፋ» ሲባል ሁላችንም እናማርራለን። መብራቱ ከምን እንደሚመነጭና ስንት እንደሚያስወጣ ግን አስልተን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ነገ ተማሪ ፊት ቆመን ስንጠየቅ እንዳናፍር፣ ነገሩን ከጓዳችን ጀምረን እንመርምረው።

ለምሳሌ ያህል፣ እዚሁ ለገጣፎ አንዲት እናት 3.5 ኪሎዋት በሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት እንጀራ ጋገሩ እንበል። የፈጁት ጉልበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ከሦስት ምንጮች ሊገኝ ይችላል።

ሀ) ከውሃ፦ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ200 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 0.54 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ተርባይንና ጄኔሬተሩ 90 በመቶውን ቢለውጡ 0.49 ይገኛል። ስለዚህ 7 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 35 ሙሉ ውሃ ያስፈልጋል።

ለ) ከናፍጣ፦ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለው። ደህና ሞተር 40 በመቶውን ቢለውጥ፣ አንድ ሊትር ለመሙላት ጥቂት የጎደለው ናፍጣ ይበቃል።

ሐ) ከቆሻሻ፦ አንድ ኪሎ ቆሻሻ 8 ሜጋጁል ሙቀት አለው፣ ጣቢያውም 22 በመቶውን ይለውጣል ብንል፣ 7 ኪሎ ያህል ማቃጠል ግድ ነው።

ታዲያ ውሃው 90፣ ናፍጣው 40፣ ቆሻሻው 22 በመቶ የሆነው ለምንድን ነው? ሠራተኛው ሰንፎ ነው እንዴ? አይደለም። የሚወርድ ውሃ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል። ሙቀት ግን ቅንጣቶች በየአቅጣጫው የሚራወጡበት ጉልበት ነው። ከሙቀት ሥራ የሚገኘው ሙቀቱ ከጋለው ወደ ቀዝቃዛው ሲፈስ ብቻ ሲሆን፣ ቀዝቃዛው ወገን ድርሻውን ሳይወስድ አይቀርም። ይህን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። ስሌቱም የሚከተለው ነው፦

ከፍተኛው ውጤት = 1 − (የቀዝቃዛው መጠነ ሙቀት ÷ የጋለው መጠነ ሙቀት)፣ ሁለቱም በኬልቪን።

እንፋሎቱ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ (673 ኬልቪን) ቢሆንና በ40 ዲግሪ (313 ኬልቪን) ቢቀዘቅዝ፣ ውጤቱ 53 በመቶ ይሆናል። ይህ እንከን የሌለው መኪና እንኳ የማያልፈው ጣሪያ ነው። የቆሻሻ ጭስ ክሎሪን ስላለበት ቧንቧ ይበላል። በዚህም ምክንያት እንፋሎቱን ከ400 ብዙ ማሳለፍ ያስቸግራል። በጭስ ማውጫ የሚወጣው ሙቀትና ማሽኖቹ ራሳቸው የሚወስዱት ሲቀነስ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀራል። ናፍጣ ሞተር ውስጥ እጅግ በጋለ ሁኔታ ስለሚነድ ጣሪያው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የናፍጣ ጣቢያ ለመትከል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በየሰዓቱ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነዳጅ ይጠይቃል። ውሃ ራሱ አይገዛም፤ ወጪው ግድቡ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3ኛ 1,870 ሜጋዋት አቅም ሲኖረው፣ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር እንደወጣበት ይነገራል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያ ጣቢያ ደግሞ 25 ሜጋዋት እንዲሰጥ ታስቦ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ለአንድ ኪሎዋት ብናካፍል ጊቤ 960 ዶላር፣ ረጲ 4,800 ዶላር ይደርሳል። አምስት እጥፍ!

ግን እንዲያው አንቸኩል። ቤት የሚገባው ኪሎዋት ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ግድቡ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅሙ አይሠራም። በዕቅዱ መሠረት ጊቤ 3ኛ በዓመት 6,500፣ ረጲ 185 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት እንዲያመነጩ ታስቦ ነበር። የግንባታ ወጪውን በዚህ ብናካፍል፣ በዓመት ለሚመነጭ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ጊቤ 28፣ ረጲ 65 ሳንቲም ዶላር ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ ወደ ሁለት እጥፍ ከሩብ ገደማ ወረደ ማለት ነው። (ይህ የመብራት ዋጋ አይደለም፤ ወጪው ለብዙ ዓመታት ይከፋፈላል።)

የቀረው ልዩነትስ ኪሳራ ነው? እዚህ ላይ ከእኛው መንገድ እንነሳ። የአዲስ አበባን ቆሻሻ በለገጣፎ በኩል አሳልፎ ሰንዳፋ ለመድፋት የተጀመረው ሥራ፣ ገበሬዎች ስለተቃወሙ በ2008 ዓ.ም. ቆመ። ቆሻሻው ወደ ረጲው ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ጣቢያው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያነሳም ታስቦ ነው። ይህን ጥቅም ሳይቆጥር «ውድ ነው» የሚል ሰው ሒሳቡን በግማሽ ሠርቷል። «ርካሽ ነው» የሚለውም በዕቅድ ላይ ያለው ቁጥር በተግባር መገኘቱን ማረጋገጥ አለበት።

ውሃም ዋስትና የለውም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3ኛ ውሃ ስለጎደለ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ እሱም የሚጠብቀው ዝናብን ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ትልቁ የውሃ ኃይል ትናንሾቹን ደጋፊዎች ይፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ከምድር የሚወጣ እንፋሎት 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንና በ40 ቢቀዘቅዝ፣ የካርኖ ጣሪያው ስንት በመቶ ነው?
2. ረጲ ከዕቅዱ ግማሹን ብቻ ቢያመነጭ፣ 65 ሳንቲሙ ስንት ይሆናል?
3. በቤታችሁ ምጣድ በሳምንት ስንት ሰዓት ይጣዳል? በበርሜል ውሃ አስሉና ለክፍሉ አቅርቡ።