የጃማይካ ሰዎች እንግሊዝኛ ስህተት ነውን?



ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ የሬጌ ዘፋኞች እንግሊዝኛ አይችሉም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን ጥሩ ስለሆነ ዛሬ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።

ጃማይካ በካሪቢያን ባሕር ያለች ደሴት ናት። እንግሊዞች በ1655 እ.ኤ.አ. ከስፔን እጅ ወሰዷት። ከምዕራብ አፍሪካም ሰዎችን በባርነት እያመጡ በሸንኮራ አገዳ እርሻ አሠሩ። እነዚህ ሰዎች ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ ስለነበሩ ሁሉም የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ቃላት ከአፍሪካ ቋንቋዎች ስልት ጋር አዋሕደው አዲስ ቋንቋ አበጁ። ፓትዋ ይባላል።

የሚከተሉትን ተመልከቱ፦

«ዋ ጓን?» — እንዴት ነው? ምን አዲስ ነገር አለ?
«ሚ ዴ ያ» — አለሁ፤ ደህና ነኝ።
«ኛም» — መብላት። ከአፍሪካ የመጣ ቃል ነው።
«ፒክኒ» — ልጅ። ከፖርቱጋልኛ የመጣ ነው።
«ሊክል ሞር» — በኋላ እንገናኝ።
«ሱን ከም» — መጣሁ። እንደኛው «መጣሁ» ሁሉ፣ ሰውየው ቶሎ ላይመጣ ይችላል!

ፓትዋ የራሱ ሰዋስው አለው። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እናንተ»ንም «ዩ» ይላል። ፓትዋ ግን ለአንድ ሰው «ዩ»፣ ለብዙ ሰው «ኡኑ» ይላል። እኛ «ልጆች» ስንል ብዛቱን ከቃሉ መጨረሻ እንደምንጨምር፣ እነሱም «ዲ ፒክኒ ዴም» ይላሉ። ስለዚህ ሕግ ያለው ቋንቋ እንጂ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም።

ሆኖም ለረጅም ዘመን የመሃይም አነጋገር ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ገጣሚዋ ሉዊዝ ቤኔት በፓትዋ እየጻፈች አስከበረችው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ ኪዳን በፓትዋ ታትሟል።

ልብ በሉ፤ የጃማይካ የመንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር «ኡኑ» ይላል፤ ፈተና ላይ ግን «ዩ» ብሎ ይጽፋል። እናንተም በፈተና ወረቀት የዘፈን እንግሊዝኛ ብትጽፉ ማርክ ታጣላችሁ። የቦታውን ቋንቋ ማወቅ ዕውቀት ነው። በጓደኛችሁ የወሎ ወይም የጎጃም አነጋገር መሳቅ ግን ዕውቀት አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ እንግሊዝኛ እንዲለምዱ ብላችሁ በቤት ውስጥ አማርኛችሁን አትተዉ። እንግሊዝኛው በላዩ ይጨመራል እንጂ አይተካውም።

መልመጃ፦
1. «አለሁ» በፓትዋ ምን ይባላል?
2. «ኡኑ» ማለት «አንተ» ነው ወይስ «እናንተ»?
3. በአያቶቻችሁ አገር ብቻ የሚነገር አንድ ቃል ከወላጆቻችሁ ጠይቃችሁ፣ ከነትርጉሙ ጽፋችሁ አምጡ። በክፍል እናነበዋለን።