በግቢ ውስጥ ስለሚተከል ዱባና ፍሬውን ከዝንብ ስለ መጠበቅ

ዱባ የከተማ ነዋሪ በአጥሩ ሥር ሊያበቅለው የሚችል፥ ብዙ ድካም የማይጠይቅ አትክልት ነው። በሰኔ የተዘራው በጥቅምት ወይም በኅዳር ይደርሳል፤ ቅርፊቱ ጥፍር የማያስገባ ሆኖ ሲጠነክር ከነዘንጉ ተቈርጦ ነፋሻና ደረቅ በሆነ ስፍራ ቢቀመጥ እስከ ዐቢይ ጾም ይቈያል። በዚያን ጊዜ ለወጥ ገንዘብ ለሚቸግረው ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለአተካከሉ አንድ ክንድ የጠለቀ ጕድጓድ ተቈፍሮ የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ይደባለቅበታል። ሦስት ዘር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበራል፤ ከበቀሉትም ብርቱው ብቻ ይቀራል። በጕድጓዶቹ መካከል 2 ሜትር ይተዋል።

ሐሳብ የሚመጣው ከአበባው በኋላ ነው። በመጀመሪያ የሚፈኩት ተባዕት አበቦች ስለ ሆኑ ፍሬ ሳይሰጡ ይረግፋሉ፤ ይህ ጕዳት አይደለም። እንስቲቱ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የሚመስል እብጠት ስላላት ትታወቃለች። ንብ ካልደረሰላት እብጠቱ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ስለዚህ ንብ በማይበዛበት ግቢ፥ በማለዳ የተባዕቱን አበባ ቀጥፎ ብናኙን በእንስቲቱ ልብ ላይ መቀባት ይገባል።

ካደገ በኋላ ለስልሶ የሚበሰብሰው ፍሬ ግን ሌላ ምክንያት አለው። የጎረቤት ክፉ ዓይን ነው የሚል አይታጣም፤ ሆኖም ፍሬውን በቢላዋ ለሁለት የከፈለ ሰው ነጫጭ ትሎች ያገኝበታል። እነዚህ የዱባ ዝንብ ልጆች ናቸው። ዝንቧ የለጋውን ፍሬ ቆዳ ወግታ እንቍላሏን ትጥልበታለች፤ ትሉ ውስጡን በልቶ ሲያድግ ወደ አፈር ይገባና በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የተበላሸውን ፍሬ ከአጥር ማዶ መወርወር ለጎረቤት ዝንብ መላክ ነው። የወደቀው ሁሉ በየቀኑ ተለቅሞ ከግማሽ ሜትር በላይ በጠለቀ ጕድጓድ ይቀበር። ጤነኛው ፍሬም ገና እንደ ያዘ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ቢጠቀለል ዝንቧ አትደርስበትም፤ ቆዳው ሲጠነክር ይፈታል። ዝንብ አጥር ስለማያግዳት፥ የሰፈሩ ሰው በአንድነት ካላደረገው የአንድ ግቢ ትጋት ጥቂት ብቻ ይረዳል።

ቅጠሉን የምትበላው፥ ጥቍር ነጠብጣብ ያለባት ቀላ ያለች ጥንዚዛ በማለዳ በእጅ ትለቀማለች፤ ከቅጠሉ ሥር የተጣበቀው ቢጫ እንቍላሏም ይጨፈለቃል።

ለትኋንና ለትንኝ የተዘጋጀ መርዝ ግን በዱባ ላይ ከቶ አይረጭ፤ ንቧን ይገድላል፥ በላተኛውንም ይጐዳል። ዲዲቲንማ በግንቦት 1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ወስኗል። መድኃኒት የግድ ካስፈለገ የግብርና ባለሙያ ተጠይቆ፥ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ በምሽት ይረጫል።