ሁለት ተርብ መሳዮች፦ የክሊተስ ጥንዚዛና የቴምኖስቶማ ዝንብ ንጽጽር

በአውሮፓ ቅጠለ ሰፊ ዛፎች በሚበዙባቸው ደኖች፣ በግንቦትና በሰኔ አበባ ላይ የሚያርፉ ጥቁርና ቢጫ ነፍሳት ሁሉ ተርቦች አይደሉም። ከቀንደ ረጅም ጥንዚዛዎች ወገን ክሊተስ አሪየቲስ፣ ከዝንቦች ወገን ደግሞ ቴምኖስቶማ ቬስፒፎርሜ መናደፊያ ሳይኖራቸው የተርብን መልክ ይዘዋል። ለሁለቱም ሳይንሳዊ ስያሜ የሰጣቸው ካርል ሊኔየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1758። ሄንሪ ዋልተር ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1862 ያብራራው የማስመሰል ክሥተት፣ ማለትም ጉዳት የሌለው ፍጡር አዳኞች የሚሸሹትን መምሰሉ፣ በሁለቱም ይታያል። መልኩን ያገኙበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

ጥንዚዛው ቢጫ መስመሮቹን የተሸከመው በጠነከሩት የፊት ክንፎቹ ላይ ነው፤ የሚበርባቸው የኋላ ክንፎቹ ከሥር ታጥፈው ይቀመጣሉ። የዝንቡ መስመሮች በሆዱ ላይ ናቸው። ይበልጥ የሚያስደንቀው የቀንዶቹ ነገር ነው። ክሊተስ ከቀንደ ረጅሞች ቢቆጠርም ቀንዶቹ ከሰውነቱ ያጥራሉ፤ ስያሜው አይገባውም ያሰኛል። ተርብን ለመምሰል ግን ይኸው እጥረት ይጠቅመዋል። የዝንቡ ቀንዶች ከዚያም እጅግ ያነሱ በመሆናቸው ጥቁር ጫፍ ያላቸውን የፊት እግሮቹን አንሥቶ በፊቱ ያወዛውዛል፤ ለተመልካች የተርብ ቀንዶች ይመስላሉ።

የሁለቱም እጮች የሚያድጉት በሞተ እንጨት ውስጥ ነው። በዚህም የሚመሳሰሉ ይመስላል፤ ዋናው ልዩነት ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። የክሊተስ እጭ በጠንካራ መንጋጋው በመጀመሪያ ከቅርፊት ሥር፣ ቀጥሎም ወደ እንጨቱ ዘልቆ እየበላ በደረቀ ቅርንጫፍ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል። የቴምኖስቶማ እጭ እግርም ሆነ ተለይቶ የሚታይ ራስ የለውም፤ በደረቱ ላይ ባሉት መንጠቆዎች የሚቦረቡረው ፈንገስ ያለሰለሰውን እርጥብ ግንድ ነው።

ስለዚህ ለደን አስተዳደር «የሞተ እንጨት አይነሣ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ደረቁ ቅርንጫፍ ቀርቶ በጥላ ሥር የወደቀው የበሰበሰ ግንድ ቢጸዳ ጥንዚዛው ይተርፋል፤ ዝንቡ ግን እጮቹ የሚያድጉበትን ያጣል። በተቃራኒው ቅርንጫፉ ለማገዶ ቢለቀም ጉዳቱ በጥንዚዛው ላይ ይሆናል። በአበባ ላይ የሚደረግ ቆጠራም ይህን ወዲያው አያሳይም፤ ዛሬ አበባ ላይ የሚታየው ክሊተስ እንቁላሉ የተጣለው ምናልባት ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው እንጨት ላይ ነውና። ቆጠራ የሚያካሂድ ተመራማሪ ከነፍሳቱ ቁጥር ጎን ለጎን የወደቀውን እንጨት እርጥበትና የመበስበስ ደረጃ መመዝገብ ይኖርበታል።