አዲስ መነጽር ሲያደርጉ ወለሉ ለምን ያዘነብላል?

በዚህ እትም ስለ አዲስ መነጽርና ስለ ርቀት ግምት እንማራለን።

አንዳንድ ሰው ዓይኑን ተመርምሮ መነጽር ይታዘዝለትና ሁለት ሦስት ቀን ካደረገው በኋላ «አዞረኝ፣ አልተስማማኝም» ብሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። መነጽሩ በትክክል ከተሠራ ግን ይህ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ነው። ምክንያቱን ካወቁ መነጽርዎን አይጥሉም፤ እስኪለምዱትም ድረስ ከመውደቅ ይጠነቀቃሉ።

ርቀትንና ርዝመትን የምንለካው በምንድን ነው?

ዓይን ምስል ያቀብላል እንጂ ብቻውን አይለካም። እጅ ኩባያ ሲያነሣ፣ እግር ደረጃ ሲረግጥ፣ አንገት ሲዞር የሚገኘውን ልምድ አእምሮ ከምስሉ ጋር ያገናዝባል። «ይህን ያህል ሆኖ የታየኝ ኩባያ አንድ ክንድ ይርቃል» የሚለውን ግምት ከሕፃንነታችን ጀምሮ በመንካትና በመራመድ የተማርነው ነው። አዲስ መነጽር ይህን ግምት ለጊዜው ያናጋዋል።

• ሩቁን አጥርቶ ለማየት የሚታዘዝ መነጽር (ማይነስ) ነገሮችን አሳንሶ ያሳያል።
• ፕላስ የሚባለው መነጽር ነገሮችን አጉልቶና አቅርቦ ያሳያል።
• ለአስቲግማቲዝም የሚታዘዘው ምስሉን በአንድ አቅጣጫ ሊስበው ስለሚችል በር የተጣመመ፣ ወለል ያዘነበለ ይመስላል።

ቀደም ባሉት ዓመታት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሞራው ወጥቶ ምትክ ሌንስ ሳይገባ ይቀር ነበር። እነዚያ ሰዎች የሚያደርጉት ወፍራም መነጽር ነገሮችን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጎላ ስለነበር ኩባያ ለማንሣት ሲዘረጉ እጃቸው ሳይደርስ ይቀራል። ዛሬ በአብዛኛው ምትክ ሌንስ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ለውጡ እጅግ ያነሰ ነው።

በቤትዎ ይሞክሩት

ሳፋ ውኃ ሞልተው ከሥሩ ሳንቲም ያኑሩ። ከላይ ቀጥ ብለው ሳይሆን ከጎን እያዩ ቀጭን እንጨት ወደ ሳንቲሙ በአንድ ጊዜ ይስደዱ። እንጨቱ ሳንቲሙን አልፎ ያርፋል፤ ውኃ ምስሉን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ደጋግመው ሲሞክሩ ግን እጅዎ እየታረመ ይመጣል። ውኃው ያው ነው፤ የተማረው አእምሮዎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በሰፊው አሳይቷል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ሄልድና ባልደረባው ምስልን ወደ ጎን የሚገፋ መነጽር ለሰዎች አደረጉ። በራሳቸው እግር የተራመዱት ከአዲሱ እይታ ጋር ሲላመዱ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው የሄዱት ግን አልተላመዱም። ከዚህ የምንማረው፣ መነጽር አድርጎ አልጋ ላይ በመቀመጥ ብቻ መላመድ እንደማይገኝ ነው።

ምን ያድርጉ?

1. የታዘዘልዎትን መነጽር በየቀኑ ያድርጉ። ሲያዞርዎት ጥቂት አረፍ ብለው ይመለሱበት።
2. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይራመዱ። ዕቃ ያንሡ፣ ያስቀምጡ፣ ልብስ ያጥፉ።
3. ደረጃ ሲወርዱ ወይም ከሚኒባስ ሲወርዱ የሚጨበጥ ነገር ይያዙ። እንደ ባልባላ ባለ ወጣ ገባና ጠጠራማ መንገድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው አብሮዎት ቢሄድ ጥሩ ነው።
4. መነጽርዎ ላይኛው ለሩቅ፣ ታችኛው ለንባብ ከሆነ፣ ደረጃ ሲወርዱ አገጭዎን ወደ ደረትዎ አቅርበው በላይኛው በኩል ይመልከቱ።
5. የማንበቢያ መነጽር አድርገው መንገድ አይሂዱ። የሌላ ሰው መነጽርም አይዋሱ።
6. ሁለት ሳምንት አድርገውት ካልተሻለዎት መነጽሩን ከነማዘዣው ይዘው ወደ መረመረዎት ባለሙያ ይመለሱ። ቁጥሩ ወይም የሌንሱ አቀማመጥ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ስትሮክ የመታው ሰው በቤት ካለ

በቀኝ በኩል ባለው አንጎል ላይ ስትሮክ የደረሰበት ሰው ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ የግራውን ዓለም ሊረሳ ይችላል። ከትሪው ግራ ጎን ያለውን እንጀራ ሳይነካ ይነሣል፤ የበሩን ግራ መቃን ይገጫል። የእንጨት መካከል እንዲያሳይዎ ቢጠይቁት ወደ ቀኝ አርቆ ያሳያል፤ የግራው ርዝመት ለእርሱ አጥሯልና። ቤተሰብ ይህን እንደ እልኸኝነት ወይም እንደ ጅልነት ቆጥሮ መቆጣት የለበትም። ሕመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳዊው ኢቭ ሮሴቲና ባልደረቦቹ ምስልን ወደ ቀኝ የሚገፋ መነጽር ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን አድርገው 50 ጊዜ ያህል በጣት እንዲጠቁሙ አደረጉ። መነጽሩ ከወለቀ በኋላ ሕሙማኑ የመስመርን መካከል በተሻለ ሁኔታ አሳዩ፤ ለውጡም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆየ። የእጅ ልምምድ የርዝመትን ግምት እንደሚለውጥ ይህ ያሳያል። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ግን ጥቅሙ ከሰው ሰው ተለያይቷል፤ ሕክምናው በባለሙያ እንጂ በቤት አይሞከርም። በቤት ግን በትሪው ግራ ጠርዝ ደማቅ ጨርቅ ያድርጉ፤ «ወደ ግራ ይመልከቱ» እያሉ ያስታውሱት፤ ምድጃና ስለት ያለው ነገር ከግራው ያርቁ።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና የሚኬድባቸው ምልክቶች

• እይታ በድንገት ሲጠፋ ወይም እንደ መጋረጃ ሲሸፈን፤
• ዓይን ቀልቶ በብርቱ ሲያም፤
• አንድ ነገር በድንገት ሁለት ሆኖ ሲታይ፤
• ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ንግግር ሲያያዝ።

እነዚህ የመነጽር መላመድ ምልክቶች አይደሉም። ነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የስደተኛ መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ።

ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት መነጽር ካለ ዛሬ አውጥተው ይጥረጉትና ከአንደኛው ተራ ቁጥር ይጀምሩ።